ጉንጯ ላይ የወጣው ቁስል አሥር ወር ሞላው፤ ቁንጭር ነው ወይስ ሥጋ ደዌ?

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂው ደሴ ይኖራሉ። የእህታቸው ልጅ የ9 ዓመት ልጅ ስትሆን ከወላጆቿ ጋር ደላንታ፣ ገደል ሥር በተሠራ ቤት ውስጥ ነው ያለችው። መስከረም ላይ ግራ ጉንጯ ላይ ትንኝ የነከሳት የምትመስል ቀይ እብጠት ወጣች። አላሳከካትም፣ አላመማትም። ቀስ በቀስ እየሰፋች ቅርፊት ያዘች፤ ዛሬ የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊንና ቅባት ተሰጥቷት መግሉ ደረቀ፣ ቁስሉ ግን ባለበት ቀረ። አንድ ባለሙያ «ሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል» ካሉ ወዲህ ቤተሰቡ ደንግጦ ልጅቱ ትምህርት አቋርጣለች፣ የምትበላበት ሳህንም ተለይቷል። አያቷ «ቁንጭር ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንታባት ነው» ብለው በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አስጠርተዋል። ጥያቄው የሚያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ሰሞኑን ደግሞ ጉንፋን ይዟት የላይኛው ከንፈሯ አበጥ ብሏል፤ ማታ ማታም አፍንጫዋ ይዘጋታል። ምን እናድርግ?»

አብሽሩ ወንድሜ። ይህ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ግን ጥያቄዎን ከጨረሱበት ልጀምር። ስለ ጉንጯ ብዙ ጻፉልኝ፤ ስለ ከንፈሯና ስለ አፍንጫዋ ግን አንድ መስመር ብቻ፣ እሱንም ከጉንፋን ቆጥረው። እኔን ያሳሰበኝ ያ አንድ መስመር ነው። ጉንፋን ከንፈር አያሳብጥም። ጉንጭ ላይ የጀመረ ቁንጭር እየተስፋፋ ወደ ከንፈርና ወደ አፍንጫ ውስጠኛው ስስ ሥጋ ሊሻገር ይችላል። ተሻግሮ ከሆነ ሕክምናው ይቀየራል፤ መዘግየቱም የአፍንጫዋንና የከንፈሯን ቅርጽ ሊያስከፍላት ይችላል። ስለዚህ «ክረምቱ ይውጣና እንወስዳታለን» የሚል ሐሳብ በቤቱ ካለ፣ እባክዎ ያስቀሩት። ጭቃም ቢሆን በዚህ ሳምንት ትውጣ።

የሚተኩሰውን ሰው ዛሬውኑ ይመልሱት። ሳህኗንም ከቤተሰቡ ሳህን ጋር ቀላቅሉት። ምክንያቱን ለሁለቱም እነግርዎታለሁ።

አያቷ በስሙ አልተሳሳቱም ብዬ አምናለሁ። የነገሩኝ ሁሉ ቁንጭርን ይመስላል፤ ሐኪሞች የቆዳ ሌሽማንያሲስ የምንለው ነው። የሳቱት በራሪውን ብቻ ነው፤ «የሌሊት» ማለታቸው እንኳ ልክ ነው። በሽታውን የምታመጣው የሌሊት ወፍ ሳትሆን የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ጸጉራም ዝንብ ናት። ሲመሽ ትወጣለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ ብዙ ርቃም አትበርም። ቀን ቀን የምትደበቀው በዋሻ፣ በድንጋይ ስንጥቅና በካብ ውስጥ ነው። እዚያው ገደል ላይ ደግሞ ሽኮኮ አለ። ተውሳኩ በሽኮኮ ቆዳ ውስጥ ይኖራል፤ ዝንቧ የሽኮኮውን ደም ስትመጥ ተውሳኩን ትወስዳለች፣ ማታ ደግሞ ገደሉ ሥር የተኛ ልጅ ላይ ታርፋለች። ልጆች ጋቢ ተጠቅልለው ሲተኙ ውጭ የሚቀረው ፊታቸው ብቻ አይደል? ዝንቧ በጋቢ ውስጥ አልፋ መንከስ አትችልም። በዚህ ምክንያት ነው ቁንጭር በጉንጭ፣ በአፍንጫና በከንፈር ዙሪያ የሚበዛው።

የተውሳኩ ወገን በስኮትላንዳዊው ሐኪም በሌሽማን ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1903 እሱና ዶኖቫን የካላ አዛርን (የሆድ ዕቃን የሚያጠቃው የሌሽማኒያ በሽታ ነው) ተውሳክ ይፋ ካደረጉ በኋላ ነው። የእኛው ደጋ ዝርያ ግን ለብቻው ተለይቶ የታወቀው ብሬይና አሽፎርድ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ሥራ ሲሆን፣ ስሙም ሌሽማኒያ ኢትዮጲካ ተባለ። ይህን ያነሣሁት ለታሪኩ ብዬ አይደለም። የአገራችን ዝርያ ጠባዩ የተለየ ነው፤ ቀርፋፋና ግትር ነው። ከንክሻው እስከ እብጠቱ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ሳይቆስል አብጦ፣ ቅርፊት ለብሶ ይቀመጣል። ካልታከመ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል፣ ሰርጎድ ያለ ጠባሳ ትቶ። «እገሌ በቅጠል ዳነ» የሚባለው አብዛኛው ሰው ቅጠሉን ያሰረው በሽታው ሊጠፋ በተቃረበበት ወራት ነው። ወደ አፍንጫና ከንፈር የገባውን፣ ወይም በመላ ሰውነት የተሠራጨውን ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

አሞክሳሲሊኑስ ለምን መግሉን ብቻ አደረቀ? መግሉን ያመጡት ቅርፊቱ ሥር የገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ እነሱን ገደለ። ተውሳኩ ግን ባክቴሪያ ስላልሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ጤና ጣቢያው የሰጠው ስሕተት አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ቁስሉ ንቅንቅ ሲል ካልታየ በኋላ ግን ናሙና ይወሰድ መባል ነበረበት። ፊት ላይ ያለ፣ የማያም፣ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ቁስል ደጋ ላይ ሲታይ መጀመሪያ ቁንጭርን ማሰብ ነው።

ወደ ሥጋ ደዌው ልምጣ። ያንን ቃል የተናገሩት ባለሙያ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ቁንጭር ሦስት መልክ አለው፦ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ ወደ አፍንጫና ከንፈር የሚገባ፣ ሰውነት ተውሳኩን መከላከል ሲያቅተው ደግሞ በፊት፣ በጆሮ፣ በእጅና በእግር ላይ እባጭ በእባጭ የሚያደርግ። ይህ ሦስተኛው ሥጋ ደዌን ቁርጥ ነው። የሥጋ ደዌ ኪኒን ለረጅም ጊዜ ሲውጥ ቆይቶ እኔ ዘንድ የደረሰ ገበሬ አስታውሳለሁ፤ የጆሮው ጫፍ ወፍሮ ተንጠልጥሏል፣ ቅንድቡ ሥር እባጮች ተደርድረዋል። ከጆሮው ጫፍ የወሰድነው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሌሽማኒያ ተሞልቶ ነበር። በከንቱ ያለፉበትን ዓመታትና ከሰው ተለይቶ የኖረውን ኑሮ ማንም አይመልስለትም።

ለልጅቱ ግን አንድ ነገር ቤታችሁም ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ጥቂት ጥጥ ጫፉን አሹላችሁ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቁስሉ ላይና ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጉ፤ የተነካችበትን በጣቷ ታሳያችሁ። የሥጋ ደዌ ምልክት ያለበት ቆዳ በአብዛኛው ይደነዝዛል፣ ቁንጭር ግን አያደነዝዝም። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ፊት ላይ ስሜቱ ቶሎ ላይጠፋም ይችላል። የቆዳ ቲቢና አንዳንድ የፈንገስ በሽታም ፊት ላይ ቁንጭርን መስለው ይወጣሉ። ስለዚህ መለየት ያለበት በናሙና ነው። ሥጋ ደዌ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዛሬ በኪኒን የሚድን በሽታ ነው፤ ሳህን መለየት በዚያም ቢሆን አያስፈልግም።

ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ በደንብ ልንገርዎ፤ ልጅቱን ይዘው ሲገቡ እንዳትፈሩ፣ በትክክል መወሰዱንም እንድታውቁ። ቁስሉ በመጀመሪያ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ረጥቦ ቀስ ተብሎ ይነሣል። ናሙናው የሚወሰደው ከመሐሉ አይደለም፤ መሐሉ የሞተ ሥጋና ባክቴሪያ ነው። ተውሳኩ ያለው ከፍ ብሎ ቀላ ያለው ዳሩ ላይ ነው። ባለሙያው ዳሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ደሙ ሸሽቶ ቆዳው እስኪነጣ ይይዘዋል። ጥብቅ አድርጎ መያዙ ግድ ነው፣ ናሙናው ደም ከበዛበት ተውሳኩ ይሳሳል። ከዚያ በምላጭ ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላት ጭረት ያወጣል። ምላጩን አዙሮ የጭረቱን ግድግዳ ይፍቃል፣ የወጣውን እርጥብ ነገር ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል። ሕፃን የምታለቅሰው ሲቆነጠጥ ነው፤ ነገሩ ደቂቃ አይሞላም። እናቷ እጇን ይዛ አጠገቧ ትቀመጥ።

ስላይዱ ይደርቅና ናሙናው በሜታኖል እንዲጣበቅ ተደርጎ በጊምሳ ቀለም ይነከራል። ከዚያ በኋላ ያለው የላቦራቶሪው ባለሙያ ትዕግሥት ነው። በትልቁ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ዘይት ጠብ አድርጎ አንድ በአንድ ይፈልጋል። ተውሳኩ ተልባ ፍሬ የመሰለ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር፣ የቀይ የደም ሴል ግማሽ ቢያክል ነው። ውስጡ ሁለት ነገር ይታያል፦ አንድ ክብ ወይን ጠጅ ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ እንደ ተሰበረ መርፌ ጫፍ ያለች አጭር ጭረት። ነጥቧና ጭረቷ አብረው ከታዩ አበቃ፣ ሌሽማኒያ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ስላይዱ ላይ «አልተገኘም» ማለት «የለባትም» ማለት አይደለም። በተለይ የቆየ ቁስል ላይ ተውሳኩ ጥቂት ስለሚሆን ማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ይስታል። ከሌላ ዳር እንደገና እንዲወሰድ፣ ካልሆነም ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ እንዲመረመር ይጠይቁ። ሁለተኛው፣ ከጣት ደም ተወስዶ በሚሠራ ፈጣን ምርመራ «ሌሽማኒያ የላትም» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ያ ምርመራ የሆድ ዕቃን ለሚያጠቃው ለካላ አዛር የተሠራ ነው፤ ለቆዳው አይረዳም።

ወዴት ትወሰድ? ለወሎ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፦ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል። የእርስዎ ደሴ አጠገብ ነው። ሥሩ የሥጋ ደዌ ሕክምና ስለሆነ ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ ማወቅ የቆየ ሙያው ነው፤ የሌሽማኒያ ሕክምናም ይሰጣል። በመደበኛው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መድኃኒቱን ፍለጋ አትዙሩ፣ የሚገኘው እንዲህ ባለው የሕክምና ማዕከል ነው። ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት አጽፋችሁ ሂዱ።

ጉንጯ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕክምናው ቀላል ነበር። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው መድኃኒት በቀጭን መርፌ ወደ ቁስሉ ዳር፣ ቆዳው ነጣ እስኪል ድረስ ዙሪያውን ይወጋል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት። ወይም ደግሞ ቁስሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቃጠላል። ቅዝቃዜው ሲያድን የቆዳውን ቀለም ሊያነጣው ስለሚችል የልጅ ፊት ላይ ስንጠቀም እንጠነቀቃለን።

ከንፈሯና አፍንጫዋ ከተነኩ ግን ዳሩን መውጋት አይበቃም፤ መድኃኒቱ በመላ ሰውነቷ መዳረስ አለበት። ያው ስቲቦግሉኮኔት በጡንቻ ወይም ቀስ ተብሎ በደም ሥር በየቀኑ ይሰጣል፣ ቢያንስ ለ28 ቀን። መጠኑ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። ለምሳሌ 24 ኪሎ ብትመዝን በቀን 480 ሚሊ ግራም ይደርሳታል፤ አንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 4.8 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህን የምነግርዎ እናንተ እንድትሰጡ አይደለም፤ በየቀኑ ለምን እንደምትመዘንና መርፌው ለምን እንደዚያ ብዙ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው። መድኃኒቱ ብርቱ ነው። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊነካ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትም በመሐልም የደም ምርመራና የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) ያስፈልጋል። ሆዷን በኃይል ካመማትና ካስመለሳት፣ ወይም ልቧ ከመታባት፣ እስከ ነገ ሳትጠብቁ ለነርሷ ንገሩ። የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግላታል፤ አትደንግጡ፣ ይህ ለሁሉም ታካሚ የሚደረግ ነው። የመከላከል አቅም ሲደክም ቁንጭር ስለሚጠና ነው።

ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ ካፕሱልም አለ፣ እሱም ለ28 ቀን። ያስመልሳል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። ለፅንስ ግን አደገኛ ነው። በቤቱ ሌላ ታማሚ ሴት ካለችና ይህ ከታዘዘላት፣ እየወሰደች ሳለም ከጨረሰች በኋላ ለ5 ወርም ማርገዝ የለባትም። ይህን ሐኪሙ ባይጠይቃት እሷ ታንሣው።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርዎ። ለእኛ ዝርያ የትኛው መድኃኒት እንደሚበልጥ በሚገባ ያነጻጸሩ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ብዙው ዕውቀት የመጣው ከሌላ አገር ዝርያ ነው። በአንድ ዙር የማይድን ታካሚ አለ፣ ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ወደ ተኳሹ መመለስ አይገባም። ቁስሉም መርፌው ባለቀ ቀን አይጠፋም። ጠርዙ ይረግባል፣ ቅርፊቱ ይራገፋል፣ ቆዳው ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ዳነች አልዳነችም የሚባለው ሕክምናው ከተጀመረ ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ ታይቶ ነው። እነዚያን ሁለት ቀጠሮዎች አትዝለሉ።

እዚህ ላይ እርስዎ ደሴ መኖርዎ ለልጅቱ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን የሚያቋርጠው መድኃኒት አጥቶ ብቻ አይደለም፤ አንድ ወር ሙሉ እናትየዋ የት ትደር፣ ምን ትብላ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ይይ በሚል ነው። ማደሪያውን እርስዎ ቻሉ፤ ደላንታ ያለውን ቤት ደግሞ ዘመድ ይያዝ።

ስለ ተኩሱ ደግሞ ይህን ይወቁ። በጋለ ብረት የተተኮሰ፣ የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት የልጅ ፊት ዓይቻለሁ። ተውሳኩ ከቃጠሎው ሥር ሆኖ ዳር ዳሩን ይቀጥላል፤ ጠባሳው ግን ቁንጭር ብቻውን ከሚተወው የባሰ ነው፣ ዓይንና ከንፈርን ይጎትታል። የተቃጠለ ዳር ደግሞ ናሙና አይሰጥም። አያቷን አትቆጧቸው፤ የሚያደርጉት ፈርተውላት ነው። ጠበሉም ዱዓውም አይከለከልም። ቁስሉ እንዳይፋቅ፣ ምንም እንዳይቀባበት ብቻ ይለምኗቸው።

ሳህኗን ቀላቅሉት ያልኩዎት ደግሞ ቁንጭር በመንካት፣ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት ስለማይተላለፍ ነው። የሚተላለፈው በዝንቧ ብቻ ነው። በቤቱ ሌላ ልጅ ላይ ቢወጣም ከእሷ ተጋብቶ ሳይሆን በአንድ ገደል ሥር ስለተኙ ነው፤ ሁሉንም ልጆች ፊታቸውንና ጆሯቸውን በቀን ብርሃን እዩ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ጥሩ ነው፤ መድኃኒት የሌለው ግን ቀዳዳው ለዚህች ትንሽ ዝንብ ሰፊ ነው። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኑት፣ መኝታውንም ከገደሉ በኩል ካለው ግድግዳ አርቁት። ገደሉ ላይ ኦፓል የሚቆፍሩ ወጣቶች በቤቱ ካሉ ሲመሽ ዋሻ አፍ ላይ አይቀመጡ።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ከወሎ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወንድሞች ብዙ ናቸው። እዚያ ያለው ሌላ ዝርያ፣ ሌላ በሽታ ነው፤ ካላ አዛር። ከዚያ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያተኩሰው፣ የሚከሳና ጣፊያው ያበጠ ሰው ካለ የወባ ኪኒን እየዋጠ አይቀመጥ፤ ካልታከመ ይገድላል። ያ ከጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚጠቅመው ለእሱ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ከጉንጯ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ይዛችሁ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሷት፣ ከሦስት ወር በኋላ ለማወዳደር ይጠቅማል። የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ያዙ። የሪፈር ወረቀቱ ሲጻፍ ደግሞ አጠገብ ቁሙ፤ «የጉንጭ ቁስል» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። ከንፈሯ ማበጡን፣ ማታ አፍንጫዋ መዘጋቱን፣ ደም ደምም ብሏት እንደሆነ እንደዚያው ይጻፍ፤ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተራዋን የሚያፋጥነው፣ ሐኪሙንም አፍንጫዋ ውስጥ በባትሪ እንዲያይ የሚያደርገው እሱ ነው።